ከየኔታ መስኮት እስከ ጓሮ ክፍል

የሥራ ዘመናቸውን ትዝታ የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ጡረታ የወጡ ናቸው። እኔ ገና ሠላሳዎቹን መጀመሬ ነው። ቢሆንም የኮምፒውተር መምህርነቴን ትቼ፣ ፍኖተ ሰላም አስተምርበት የነበረውን ክፍል ቁልፍ አስረክቤ፣ ቡሬ ውስጥ በአንድ የእህል መጋዘን ዕቃ ተቆጣጣሪ ሆኜ ገብቻለሁ። ለምን ተውከው የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ደመወዙ ነው ብዬ አልፈዋለሁ፤ ደመወዝ ከተባለ ደግሞ ማንም ሌላ አይጠይቅም። ዋናው ምክንያት ግን ድካም ነው። በሌለ ነገር ላይ ማስተማር ያደክማል። ማስረዳት የለመደ ሰው ጆንያ ሲያስቆጥር ሲውል ሳይናገር የቀረው ነገር ይጠራቀምበታልና፣ የተጠራቀመውን እዚህ ላይ ላውርደው።

እንደ ልማዴ ከመጀመሪያው ልነሣ።

መጀመሪያ የተመደብኩት ከማንኩሳ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ባለ የገጠር ትምህርት ቤት ነበር። ኮምፒውተሮቹ ከመብራቱ ቀድመው መጥተዋል። እኔ ስደርስ ከነካርቶናቸው በርዕሰ መምህሩ ቢሮ ግድግዳ ሥር ተደርድረው፣ ላያቸው ላይ የሻይ ብርጭቆ ይቀመጥባቸው ነበር። መብራት እስኪገባ ካርቶኑ እንዳይከፈት ተብሏል። ስለዚህ የኮምፒውተሩን ፊደላት በጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ሣልኳቸው። ተማሪዎቹ ያንን እያዩ ጣቶቻቸውን ዴስክ ላይ እያሳረፉ ስማቸውን ይጽፋሉ። ክፍሉ በሙሉ አንድ ላይ ዴስክ ሲመታ ዝናብ በቆርቆሮ ላይ የወረደ ይመስል ነበር። አንድ ቀን ልጃቸውን ሊጠይቁ የመጡ አባት በመስኮት ብዙ ሲመለከቱን ቆዩና በእረፍት ሰዓት ጠጋ ብለው፣ «መምህር፣ ይኸ ትምህርት መች ነው የሚያልቀው? ልጄ እቤት መጥቶም መደቡን እየደበደበ አላስተኛን አለ» አሉኝ። ተያይተን ሣቅን።

ከእኒያ ሰዎች ጋር አንድ ነገር ለመድኩ። ያላዩትን ነገር ለማስረዳት ከሚያውቁት መነሣት ነው። ኮምፒውተሮች እንዴት እንደሚገናኙ ሳስተምር ስለ መስኖ እናገር ነበር። ውሃው ከወንዝ ተጠልፎ መጀመሪያ የሚደርሰው ከላይ ያለው ማሳ ላይ ነው፤ የታችኛው ማሳ የሚጠጣው የላይኛው ባለቤት ቦዩን ክፍት ካደረገለት ብቻ ነው። ይህን ለመረዳት ማሽን ማየት አላስፈለጋቸውም። ቦዩን ዘግቶ ከታችኛው ጋር የተጣላ የላይኛ ባለ ማሳ ሁሉም ያውቃሉ።

ቀጥሎ ቡሬ ገባሁ። ቡሬ ውስጥ መብራት ነበር፣ የሚሠሩ ኮምፒውተሮች ነበሩ፣ እትዬ የውብዳር ነበሩ። እትዬ የውብዳር በሒሳብ መምህርነት ጀምረው ኮምፒውተሩን በራሳቸው የተማሩ፣ ጡረታቸው የተቃረበ ሴት ናቸው። የትምህርት ቤቱን ማሽኖች የሚጠግኑት እሳቸው ነበሩ፤ ከሥራ ሰዓት ውጪም ኢንተርኔት ያስገባ ሁሉ ይጠራቸዋል። እኔን ይዘውኝ ይሄዱ ነበር።

የሰው ማሽን በእጃቸው አይነኩም። ሁለት እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ይቆሙና፣ «እስቲ ያችን ተጫናት፤ አሁን ምን አለህ?» እያሉ ባለቤቱን ያሠሩታል። እኔ ትዕግሥት አጥቼ እጄን ስሰድ በክርናቸው ጎሰም ያደርጉኛል። ሥራው ሲያልቅ ሁሉንም ያስጠፉና፣ «እኔ በር ላይ ነኝ፤ ከመጀመሪያው አንተው አስነሣው» ብለው ይወጣሉ። በር ላይ ቆመው ከጎረቤት ጋር ስለ በርበሬ ዋጋ ሲያወሩ ከውስጥ «በራ! በራ!» ሲባል ይሰማል። ያኔ ነጠላቸውን ያስተካክሉና መንገድ ይጀምራሉ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ይቀመጣሉ። የተጠሩበት ቤት ሲገቡ ማሽኑ የት ነው ብለው አይጠይቁም። የሰጧቸው ወንበር ላይ ተቀምጠው ቤቱ እንዴት እንደሚውል ያያሉ፤ ማን ይገባል፣ ማን ይወጣል፣ የትኛው በር ይቆለፋል፣ የትኛው መስኮት ይከፈታል። እኔ ቁጭ ብዬ እቅበጠበጣለሁ። አንድ ቀን ለምን እንደሚያደርጉት ጠየቅኋቸው። «ዕቃው የት እንደሚቀመጥ እኔና አንተ መች እንወስናለን» አሉ። «እኛ ሳንመጣ ቤቱ ወስኖታል።»

አንዲት ባለሱቅ ዘንድ የሆነው ትዝ ይለኛል። የዋይፋዩ ሣጥን አልሠራ አላት ተብሎ ሄድን። ሣጥኑ ያለው ቡፌ ውስጥ ነው፤ ከብርጭቆዎቹ ኋላ፣ ላዩ ላይ በእጅ የተሠራ ዳንቴል ለብሶ፣ ቡፌው ተቆልፎ። ውድ ዕቃ የሚቀመጠው እዚያ ነዋ። እኔ ወዲያው ስለ ሞገድና ስለ ሙቀት ማብራራት ጀመርኩ፤ የሴትዮዋ ፊት እየጠቆረ ሄደ። እትዬ የውብዳር ዳንቴሉን በዓይናቸው ሲያደንቁ ቆዩ። በማን እጅ እንደተሠራ ጠየቁ። በሴትዮዋ በራሷ ነው። «እንዲህ ያለ ሥራማ ውስጥ መደበቅ የለበትም» አሏት። «ከቡፌው በላይ ዘርጊውና ሣጥኑን ላዩ ላይ አስቀምጭው፤ የገባ ሁሉ ይየው።» ሣጥኑ ከቡፌው ወጣ፤ ኢንተርኔቱም ሠራ። የኔን ማብራሪያ በዚያው ተውኩት።

ጡረታ ሲወጡ አዴት ወዳለችው ልጃቸው ሄዱ። እኔም ፍኖተ ሰላም ተዛወርኩ።

የፍኖተ ሰላሙ ርዕሰ መምህር መልካም ሰው ነበሩ፤ ኮምፒውተር ግን እንደ ሳሙና በእጅ ብዛት የሚያልቅ ይመስላቸው ነበር። ክፍሉ የሚከፈተው በእሳቸው ፈቃድ ነው። ፈቃዱን ለምጄው ሳለ ኢንተርኔት የጠፋበት ረጅም ጊዜ መጣ። ኢሜል እንዴት እንደሚላክ በሰሌዳ ላይ ሣልኩ፤ የማንኩሳው ጠመኔ ተመልሶ መጣ። ልዩነቱ የማንኩሳ ልጆች ነገ ይመጣል ብለው ዴስክ ይመቱ ነበር፤ የፍኖተ ሰላም ልጆች ግን ነበረ፣ ሄደ የሚል ፊት ነበራቸው። መንገዱም እንዲሁ ነበር፤ አንድ ቀን ይከፈታል፣ ሌላ ቀን ይዘጋል። ኢንተርኔቱ ሲመለስ እኔ እንደ ድሮው አልተነሣሣሁም። ሥራዬን ግን በሥርዓቱ እሠራ ነበር። ይህን የምለው ለራሴ ለመመስከር አይደለም፤ ቀጥሎ የማወራው ነገር በሥርዓት ከተሠራ ሥራ ላይ የደረሰ ስለሆነ ነው።

ማስተዋል ትምህርት ቤት ድረስ መጥታ ነው የጠየቀችኝ። አዋላጅ ነርስ ናት። የማደንዘዣ ባለሙያ ለመሆን አዲስ አበባ ባለ አንድ ማሠልጠኛ ተመዝግባ፣ ፈተናውን አልፋ፣ የቀራት ቃለ መጠይቅ ነበር። መንገዱ አስተማማኝ ስላልሆነ ቃለ መጠይቁ በኢንተርኔት ነው፤ ፊት ለፊት እየተያዩ። ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው መኖር የለበትም ተብላለች። በምትሠራበት ቦታ ማደንዘዣ የሚሰጥ ሰው ስለሌለ፣ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልጋት ወላድ ሁሉ ወደ ሌላ ከተማ ትላካለች። «እጄ የሚደክመው ከማዋለዱ አይደለም፣ ሪፈር ከመጻፉ ነው» አለችኝ። «ጽፌ መኪና ላይ እጭናታለሁ፤ ከዚያ መንገዱ ክፍት ይሁን ዝግ አላውቅም። ስልክ እስኪመጣ ቁጭ ነው።»

አባቷ መሪጌታም ቄስም ናቸው፤ ከተማው በሙሉ የኔታ ይላቸዋል። ሁለት ላፕቶፕ ያለበት ቤት ነው። አንዱ የማስተዋል ነው። ሌላው የደብራቸው ምእመናን አዋጥተው ለየኔታ የገዙላቸው ነው፤ ጭስና እርጥበት የበላውን የደብሩን ገድል በሁለት ጣታቸው እየለቀሙ ይገለብጡበታል። የጻፉትን አዲስ አበባ ላለ ባልንጀራቸው ይልኩታል፤ እሱ አርሞ ይመልሳል። ስለዚህ ለሁለቱም ኢንተርኔት ያስፈልጋቸዋል። ያላቸው ግን አንድ ዶንግል ነው፤ ሲም ካርድ ገብቶበት ኮምፒውተር ጎን ላይ የሚሰካው ትንሹ መቀበያ። ኔትወርኩ ደግሞ የሚገኘው በፊተኛው ክፍል መስኮት ላይ ብቻ ነው። ማስተዋል የምትኖረው ከግቢው ጀርባ ባለው ክፍል ነው፤ በሁለቱ መካከል የጭቃ ግድግዳና የቆርቆሮ አጥር አለ። ቆርቆሮ ሞገዱን ይመልሰዋል። የማስተዋል ስልክ እንዳያካፍል አሮጌ ነው፤ ትንሽ እንደሠራ ይግልና ያቋርጣል። የፊተኛው ክፍል ደግሞ የየኔታ ነው፤ የነፍስ ልጅ፣ ተማሪ፣ አስታራቂ ፈላጊ ሲገባ ሲወጣ ይውላል። ለቃለ መጠይቅ አይሆንም።

መላው አንድ ብቻ ነበር። ዶንግሉ በየኔታ ላፕቶፕ ላይ ይሰካል፤ የየኔታ ላፕቶፕ ተቀብሎ በዋይፋይ ለማስተዋል ላፕቶፕ ያካፍላል። የማንኩሳው መስኖ ነው፤ የላይኛው ማሳ የየኔታ፣ የታችኛው የማስተዋል።

እንደ እትዬ የውብዳር መጀመሪያ ተቀመጥኩ። ከሰዓት በኋላ በሙሉ ተቀመጥኩ። የኔታ ከወንበራቸው ሳይነሡ አጫወቱኝ፤ ለመጣው ሁሉ ቁጭ እንዳሉ መስቀል አሳለሙት። ማሽኑ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ ገድሉን እንዳሳየ ዋለ። የትኛው በር እንደሚቆለፍ፣ መብራት ሲጠፋ ባትሪው ምን ያህል እንደሚቆይ አየሁ። ከዚያ እጆቼን ወደ ኋላ አጣምሬ ሁለቱንም አሠራኋቸው። ዶንግሉን በማራዘሚያ ገመድ መስኮቱ ደፍ ላይ አወጣነው። ላፕቶፑ ያለበት ጠረጴዛም መስኮቱ ሥር ነው፤ የጓሮው ክፍል መስኮት ከዚያ ይታያል፤ ቆርቆሮውም በዚያ በኩል አይከልለውም። ማካፈያውን ከፈትን፣ የይለፍ ቃል ሰጠነው። ማሽኑ ሥራ ሲፈታ እንዳይተኛ አደረግነው። የሚካፈል ሲጠፋ ማካፈያው ራሱን እንዳይዘጋም አደረግን፤ ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል። በመጨረሻ ሁሉንም አስጠፋሁና በር ላይ ወጥቼ ቆምኩ። ከውስጥ የየኔታ ድምፅ፣ «ይኸው በራ» አለ። ቆይቶ ከጓሮ የማስተዋል ሣቅ ተሰማ።

ስወጣ ለየኔታ አንድ አደራ ነበረኝ። «ማስተዋል እየሠራች ከሆነ ማሽኑን እንዳያጠፉት። የእርስዎ ከጠፋ የእሷም ይቋረጣል።»

«እኔ የልጄን ውሃ ልጠልፍ?» አሉ ስቀው። መስኖውን ነግሬያቸው ነበር።

የቃለ መጠይቁ ቀን እኔ ክፍል ውስጥ ነበርኩ። የደረስኩት ከሥራ በኋላ፣ እንኳን ደስ ያለሽ ልል ነው። ማስተዋል ጓሮ ክፍሏ አልጋ ላይ፣ ሐኪም ቤት የምትለብሰውን ነጭ ጋውን ሳታወልቅ ተቀምጣለች። ላፕቶፑ ፊቷ ክፍት ነው፤ ግንኙነቱን እንደገና በመሞከር ላይ ነው የሚል ጽሑፍ ይዞ ቀርቷል።

የሆነውን በእርጋታ ነገረችኝ። እርጋታዋ ከሥራዋ የመጣ ይመስለኛል። ጥያቄው ተጀምሯል። ሁለቱን በደንብ መልሳለች። ሰፈር ውስጥ የዕድሩ ጥሩምባ ሲነፋ ሰምታለች፤ ጎረቤት አርፎ ነው። ሦስተኛውን ጥያቄ እየመለሰች ሳለ የጠያቂዎቹ ፊት ደርቆ ቀረ። ግቢውን አቋርጣ ወደ ፊተኛው ክፍል ሮጠች። በሩ ተቆልፏል። የኔታ ለፍትሐት ተጠርተው ወጥተዋል፤ እናቷም ለቅሶ ቤት ናት፤ ቁልፉ የየኔታ ኪስ ውስጥ ነው። በመስኮቱ ስታይ ዶንግሉ ደፉ ላይ አለ። ሁልጊዜ ብልጭ ብልጭ የምትለው መብራቱ ጠፍታለች።

«እዚያው መስኮቱ ሥር ቆሜ በስልኬ ሞከርኩ» አለች። «ገባ፣ አንድ ሰው ስሜን ሲጠራ ሰማሁ፣ ጋለና ጠፋ። ስደውልላቸው ጊዜው አልፏል፣ ሌላ ተጠያቂ ገብቷል አሉኝ።»

የኔታ ከቀብር የተመለሱት ከዚህ በኋላ ነው። ካባቸውን ሳያወልቁ በጓሮው በኩል መጡ፤ «እህሳ፣ እንዴት ሆነ?» እያሉ። ማስተዋል ቀና አላለችም። እኔ ነኝ የነገርኳቸው።

«አላጠፋሁትም» አሉ።

«አውቃለሁ፣ የኔታ።»

«እንዳልኸኝ ነው ያደረግሁት። ማጥፊያዋን አልነካኋትም።»

በሩን ከፈቱልን። ላፕቶፑ ጠረጴዛው ላይ ተከድኗል፤ ላዩ ላይ ገድሉን የሚሸፍኑበት ቀይ ጨርቅ ተደርጎበታል። ከፈትኩት። ማሽኑ ነቃ፤ የገድሉ ገጽ የኔታ ባቆሙበት መስመር ላይ ብቅ አለ፤ መስኮቱ ላይ የዶንግሉ መብራት ብልጭ ማለት ጀመረ። ላፕቶፕ ሲከደን ይተኛል። ሲተኛ ዶንግሉም አብሮት ይተኛል።

«ከድነውታል» አልኩ።

የኔታ ጨርቁን ከእጄ ተቀብለው አጣጠፉት። «መጽሐፍ ነዋ» አሉ። ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ከመጽሐፍ ላይ የሚነሣ ሰው ሳይከድን መች ይነሣል። ከልጅነቴ ጀምሮ ክፍት ትቼ ተነሥቼ አላውቅም።»

ማስተዋል በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። «አይዞዎት፣ አባዬ» አለች። ከዚያ ተረኛ ነኝ ብላ ወደ ሥራዋ ሄደች። ተረኛ አልነበረችም።

ማታውኑ አዴት ደወልኩ። እትዬ የውብዳር እስከ መጨረሻው አዳመጡኝና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

«ተቀምጠህ አይተሃል?»

«ከሰዓቱን በሙሉ ተቀምጫለሁ።»

«የኔታ ከወንበራቸው ተነሥተው ነበር?»

አልተነሡም ነበር። ለመስቀል እንኳ ቁጭ ብለው ነው ያሳለሙት። እንግዳ ትቶ መነሣት ስላልወደዱ፣ ማሽኑም ሳይከደን ዋለ።

«እንግዳ ሆነህ ነዋ ያየኸው» አሉ እትዬ የውብዳር። ቀጥለውም፣ «እኔም ብሆን አላየውም ነበር» አሉ። ይህን ለማጽናናት ይበሉት ለእውነት፣ እስከ ዛሬ አልለየሁትም። እኒያ ሴት ለማጽናናት ብለው ሲዋሹ ግን አይቼ አላውቅም።

በማግስቱ ሄጄ አስተካከልኩት። ክዳኑ ሲዘጋ ምን ላድርግ ብሎ ማሽኑ የሚጠይቅበት ቦታ አለ፤ ምንም አታድርግ የሚለውን መምረጥ ነው። ከደንኩት፤ የዶንግሉ መብራት መስኮቱ ላይ ብልጭ ማለቷን ቀጠለች። የኔታን ጠርቼ አሳየኋቸው። አዩ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። ማስተዋል ለማሠልጠኛው ጽፋ ስለ ነበር፣ ከወራት በኋላ በሚቀጥለው ዙር እንድትገባ ፈቀዱላት። ወራቱ ግን ወራት ናቸው። እሷ ሪፈር ስትጽፍ፣ እኔ በሰሌዳ ላይ ሥዕል ስሥል፣ የኔታ ደግሞ ላፕቶፑን ሳይከፍቱት ብዙ ቀን አለፈ። ሲመለሱበትም ጥቂት ይጽፉና ከወንበሩ ሲነሡ እጃቸው ክዳኑ ላይ ደርሶ ይቆማል፤ ማሽኑ ጎረቤት ጥሎባቸው የሄደ ሕፃን ይመስል ነበር። ያኔ ነው መጋዘን ውስጥ ሥራ እንዳለ የሰማሁትና ማመልከቻ የጻፍኩት።

የሁለተኛው ቃለ መጠይቅ ቀን የኔታ እንድመጣ ላኩብኝ። ቅዳሜ ጠዋት ነው። ስደርስ ወንበራቸው ላይ፣ በተከፈተው ማሽን ፊት ተቀምጠዋል። ቀዩ ጨርቅ በጉልበታቸው ላይ ነው።

«የኔታ፣ አሁን እኮ ቢከድኑትም አይጠፋም» አልኩ። «አሳይቼዎት ነበር።»

«አንተን አላመንኩም ማለቴ አይዶለም። እጄን ነው ያላመንሁት። ተቀመጥ።»

አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። በመስኮቱ የጓሮው ክፍል መጋረጃ ይታያል። ማስተዋል ከመጋረጃው ኋላ ናት። የዶንግሉ መብራት ብልጭ ትላለች። እኔ መብራቷን አያለሁ፤ የኔታ አያይዋትም፤ ገጹን ነው የሚያዩት። በሥራ ዘመኔ ስንት ማሽን ፊት ቁጭ ብያለሁ፤ ምንም ሳልሠራ እንዲህ የደከመኝ ግን የለም።

ጥቂት እንደቆየን በሩ ላይ አንድ ጎልማሳ ሰው ቆመ። ባርኔጣውን አውልቆ ሰላምታ ሰጠ። ወንድማማች በድንበር ተጣልተው ሽማግሌዎቹ ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል፤ የኔታ ካልመጡ ማንም ቃል አይሰጥም ብለዋል። እንደዚህ ሲጠሩ የኔታ ከዚህ በፊት እንቢ ብለው የሚያውቁ አይመስለኝም። ሰውየውም ያንን ስለሚያውቅ እስኪነሡ በር ላይ ቦታ ለቀቀላቸው።

የኔታ አልተነሡም። «ክፍት መጽሐፍ ላይ ነኝ» አሉት።

ሰውየው ወደ ጠረጴዛው ተመለከተ። ማሽን ነው የሚያየው። ማሽኑ ላይ ግን ቀይና ጥቁር የግዕዝ ፊደል አለ። ነጠላውን አስተካከለ፣ ደፉ ላይ በአንድ ጉልበቱ አረፍ አለ። «ይጨርሱ፣ የኔታ። ይጠብቃሉ» አለ።

የኔታ ያን ጊዜ ማንበብ ጀመሩ። ያሉት ነገር ውሸት እንዳይሆን ይመስለኛል። ከገጹ ራስ ጀምረው፣ በዝግታ፣ ደብር ውስጥ በሚያነቡበት ድምፅ። አንዱን ገጽ ሲጨርሱ ቀጣዩን በጣታቸው ያወርዱታል። ካለፈው ቃለ መጠይቅ ወዲህ የገለበጡትን በሙሉ አነበቡ። ሰውየው የጻድቁ ስም በተጠራ ቁጥር ራሱን ዝቅ ያደርጋል። ሌላ ሰው ሊጠራቸው መጥቶ እሱም በሩ ላይ ቆመ። የጻፉት አልቆ ከመጀመሪያው ገጽ ጀመሩ። ድምፃቸው ሻከረ። ውሃ ላምጣ ብዬ ስነሣ በዓይናቸው አስቀመጡኝ።

የጓሮው በር ተከፈተ። ማስተዋል ግቢውን ተሻግራ መጣችና ከሰዎቹ ኋላ ቆመች። ጋውኗን አልለበሰችም፤ የክት ቀሚሷን ነው የለበሰችው። የኔታ አዩዋት፤ አልጠየቋትም። የጀመሩትን መስመር እስከ መጨረሻው አነበቡ።

«እስከ መጨረሻው ሰሙኝ» አለች።

የኔታ ተነሡ። ክዳኑን በሁለት እጃቸው ዘጉት፣ ቀዩን ጨርቅ አለበሱት፣ ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ መስኮቱ ተመለከቱ። መብራቷ ብልጭ ትላለች። መቋሚያቸውን አንሥተው ከሰውየው ጋር ወደ ሽማግሌዎቹ ሄዱ።

ማስተዋል አለፈች። አሁን አዲስ አበባ ሥልጠና ላይ ናት። እኔም የመጋዘኑ ሥራ ተሳካልኝ፤ ቁልፉን አስረከብኩ። ፍኖተ ሰላምን ከመልቀቄ በፊት የኔታን ልሰናበት ሄድኩ። ገድሉን እየጻፉ አገኘኋቸው፤ ሊጨርሱ ተቃርበዋል። ወደ ጠረጴዛው ጠሩኝና ማካፈያው ስንት እንደሚካፈሉት በቁጥር የሚያሳይበትን ቦታ በጣታቸው አሳዩኝ። እንዴት እንዳገኙት አላውቅም፤ ያሳየኋቸው አንድ ቀን ብቻ ነበር።

«ይህች ባዶ ምንድን ናት?»

«አሁን የሚካፈል ማንም እንደሌለ ነው የምትለው፣ የኔታ። የማስተዋል ላፕቶፕ ከእሷ ጋር ሄዷልና።»

«ቢዘጋ ይሻል ይሆን?»

እንደ መምህር መለስኩላቸው። ባትሪ በጥቂቱ ይበላል፤ ሌላ ጉዳት የለውም፤ ካልተፈለገ መዝጋቱም ቀላል ነው፣ እዚህ ጋ መጫን ብቻ ነው አልኳቸው። እጆቼን ወደ ኋላ አጣምሬ ጠበቅኩ።

የኔታ እጃቸውን አልሰደዱም። «ለፋሲካ እመጣለሁ ብላለች» አሉ። «ይቆይ።»